በስሟ የማትመጣ ልጅ

ጅጅጋ ጫት ተራ መሀል ልጄ ከእጄ ስትጠፋ ነው ጉዴ የገባኝ። «ሀያት!» ብዬ ብጮህ ማን ይመልስልኝ? ሙዚቃ የልጅ አእምሮ ይከፍታል ሲሉ ሰምቼ፣ እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት፣ ስትበላም ስትታጠብም በዘፈን እንጂ በስሟ ጠርቻት አላውቅማ! እናንተ ብትሆኑስ ምን ታደርጋላችሁ? ሻሼን ወደ ዓይኔ ስቤ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ነይ ጉረሺ፣ የእናትሽ ሙሽራ» እያልኩ ዘፈንኩ።

«እህቴ፣ ሰርጉ የማን ነው?» አለችኝ አንዷ ጫት ሻጭ። እየሳቀች ግን አጨበጨበችልኝ፤ ጓደኞቿም ተቀበሉ። ሀያት ከጆንያዎቹ ጀርባ እየጨፈረች መጥታ፣ ጉርሻዋን ልትቀበል አፏን ከፍታ ቆመች።

ስንመለስ የባጃጁ ሾፌር ዘፈን ሊከፍት ሲል «ተው ወንድሜ፣ በአላህ!» አልኩት። ከሀፍረቴ የተነሳ ቀና አላልኩም። አሁን ቤቴ ነኝ፣ በሩን ዘግቻለሁ፣ ልጄም እቅፌ ውስጥ ናት። በደህና ገብተናል።