ሰልፍ የወጣና ሰልፍ የያዘ

ሰልፍ ዓለምን አይለውጥም! ጫማ ያስለውጣል፣ ድምፅ ይለውጣል፣ ካልቀናችሁም የሥራ አለቃ ያስለውጣል… ዓለምን ግን አይለውጥም። ይህን የምለው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሰልፈኛ የሚተች ሰው ስለሆንኩ አይደለም። እኔ ራሴ የታወቅሁ ሰልፈኛ ነኝ። እዚህ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ከተማ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ሲጮህ ካያችሁ፣ ከጎረምሶቹ ኋላ አንገቱን አስግጎ የሚጮህ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ አይጠፋም። እሱ እኔ ነኝ። ስለ ምን እንደሚጮህ አንዳንዴ መሃል ላይ ጎኑ ያለውን ጠይቆ ነው የሚረዳው።

አንድ ጊዜ ግን ሳልጠይቅ ነው የጮህኩት። የእኛ የኢትዮጵያውያኑ ልጆች በቆዳቸው ቀለም መንገድ ላይ በፖሊስ እየተያዙ ሲንገላቱ መንገድ ዘግተን የወጣን ጊዜ ከልቤ ጮኼ፣ ከልቤ አልቅሻለሁ። ከዚያስ? ከዚያማ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ጉዳዩን እያጠና ነው። ልጄ ሺራ በዚህ መሃል ሀሁ ሳይሆን የዕብራይስጡን አሌፍ ቤት ቆጥራ፣ አጥንታ፣ ተፈትና፣ ይኸው ወታደር ቤት ልትገባ ነው፤ ኮሚቴው ግን ገና እያጠና ነው። ምን ዓይነት ፈተና ቢሆን ነው እናንተ? «ግመሎቹም ይሄዳሉ፣ ውሾቹም ይጮሃሉ» ይላል ያገሬ ሰው። እዚህ በረሃው አፍ ላይ ስለምንኖር ግመሎቹን በዓይናችን እናያቸዋለን። እውነትም ይሄዳሉ።

ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ አውቶቡስ ነው።

ሽኩና ዳሌት በምንለው ሰፈር ውስጥ፣ እናቴ ከምትኖርበት ሕንፃ ሥር አንዲት ፌርማታ ነበረች። በዕብራይስጥ ታሃና እንላታለን። አንድ ቀን ጠዋት የለችም! ምሰሶዋ ተነቅሎ፣ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፍኖ፣ አዲሷ ፌርማታ ከትልቁ መንገድ ማዶ ተተክላለች። ለእኔና ለእናንተ ቅርብ ነው። ጉልበቷን ለሚያማት ለእናቴ ግን፣ ያውም በዚህ ፀሐይ፣ ሌላ ሀገር ማለት ነው።

«እኔ ወደዚህ ስመጣ ሱዳንን በእግሬ የጨረስኩ ሴት፣ ታሃና ልደርስ ስል ልውደቅ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩፓት ሖሊም፣ ማለትም ሐኪም ቤት፣ መሄድ ተወች። ለጉልበቷ ስንት ወር ጠብቃ ያገኘችው ቀጠሮ አለፈ። በመኪና ልውሰድሽ ስላት «ሥራህን ፍታና ልባረር በል!» ትለኛለች። እንዴት ነሽ ስላት «ደህና ነኝ» ትላለች። እናት በአጭሩ «ደህና ነኝ» ስትል ነው መፍራት። እኔም ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

ፈሪ ደግሞ ምን ያደርጋል? ሰልፍ ይጠራል!

የፋብሪካ ባልደረባዬን ጌታሁንን ጠራሁት። ጌታሁን ከእናቱ ማሕፀን ሊቀመንበር ሆኖ የወጣ ሰው ነው። ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠን ለሰፈሩ ሽማግሌዎችና ለወጣቶቹ በስልክ የሚላክ የድምፅ መልእክት ማዘጋጀት ጀመርን።

«‹ሃፍጋና አለ› በል፤ ሰው ቶሎ ይገባዋል» አለኝ።

«የምን ሃፍጋና? እኛ ቋንቋ የለንም? በንጹሕ አማርኛ ‹ሰላማዊ ሰልፍ› እላለሁ!»

«ረዘመ።»

«እሺ፣ ‹ሰልፍ› ብቻ። ሰላማዊነታችንን ማን ያጣዋል!»

አያችሁልኝ? አንዲት ቃል ለማሳጠር ብዬ «ሰላማዊ»ን ጣልኳት። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «እሁድ ጠዋት ስለ አውቶቡሱ ጉዳይ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ አለ፤ ማንም እንዳይቀር!» ብዬ ለቀቅሁት። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልነግራችሁም። በሩ የሚከብድ፣ ወንበሩ የሚያንስ መሥሪያ ቤት ነው፤ ያልገባችሁበት የለም።

ሺራ መልእክቱን ሰምታ ከክፍሏ ብቅ አለች። «አባ፣ ማ ዜ ሰልፍ? ምንድነው? ሴልፊ?»

«ሴልፊ አይደለም! ሰልፍ!»

«ቶቭ፣ እሺ፣ እመጣለሁ» ብላ ተመልሳ ገባች። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

እሁድ ደረሰ፤ እሁድ በእኛ ዘንድ የሥራ ቀን ነው። ፖሊስ ፈቃድ ሰጥቶናል፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ከብረት አጥር ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር። እዚህ ሀገር ሰልፍ ነፃ ነው፤ የሚሰማው ሰው እስከሌለ ድረስ።

መጀመሪያ የመጡት ወጣቶቹ ናቸው። ሺራና ጓደኞቿ መፈክሩን አንገታቸው ሥር ይዘው፣ ከንፈራቸውን አሹለው፣ ስልካቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ፎቶ ተነሱ። አንዷ መፈክሩን ገልብጣ ነው የያዘችው። ከዚያም «ያላ፣ ባይ!» ብለው ሄዱ። ለካ እውነትም ሴልፊ መስሏቸው ኖሯል! አጥሩ ውስጥ እኔ፣ ጌታሁንና የድምፅ ማጉያው ቀረን።

ማጉያውን የተዋስነው አሮጌ ዕቃ በመኪና እየዞረ ከሚገዛ ሰውዬ ነው። «ፌርማታችን ይመለስ፣ የእናቶች እንባ ይታበስ!» እያልኩ አንባረቅሁበት። ቤት መምታቱን አያችሁ? ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያመጣሁት። ሕንፃው ውስጥ አማርኛ የሚሰማ አንድም ባለሥልጣን አለመኖሩ ግን ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ልጆቻቸው በመኪና እያወረዷቸው… ዓይኔ እንባ ሞላ። «ሕዝብ!» አልኩት ጌታሁንን። ሕዝቡ ግን እኛን ዞር ብሎ ሳያይ መንገዱን ተሻገረና መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሄዶ ቆመ። አንዱ ከአንዱ ኋላ። መታወቂያቸውን በላስቲክ ሸፍነው በእጃቸው ይዘዋል። አዲስ የሚመጣው ሁሉ «ሚ አሐሮን?» ይላል፤ የመጨረሻው ማነው ማለት ነው። ከዚያ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይቆማል።

አሁን ገባችሁ? እኔ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ለእኛ ሽማግሌዎች ጩኸት ያለበት ነገር ሃፍጋና ነው። ሰልፍ ማለትማ ተራ የሚጠበቅበት፣ ኩፓት ሖሊም በር ላይ የሚያዘው ነው! ስለ አውቶቡስ ሰልፍ አለ ተባሉ፤ መጥተው ተሰለፉ። እናቴ መካከላቸው አለች፤ ታጣፊ በርጩማዋን ሳይቀር ይዛለች።

ከአጥሩ ወጥቼ ሮጥኩ። «እማዬ! ሰልፉ እኮ እዚያ ማዶ ነው!»

«ቀስ በል ልጄ፣ ሰው ተራ ይዟል። ምን ያስጮህሃል?»

«ሰልፍ ወጥቼ ነዋ!»

«ከሰልፍ ከወጣህማ ተራህ አለፈህ። ሂድ፣ ከኋላ ያዝ!»

ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ የበሩ ጥበቃ አልማዝ ናት። አልማዝ የሽኩና ዩድ አሌፍ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ሳትቀጠርበት አስተርጓሚ ሆና ዋለች። መጀመሪያ የገቡት አባባ ተገኘ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጸሐፊዋን «እንደምን አድረሻል? ልጆችሽ ደህና? እናትሽስ?» አሏት። አልማዝ ተረጎመች። ጸሐፊዋ እናቷ ትዝ አለቻት መሰል ለስለስ ብላ ምን ፈልገው እንደመጡ ጠየቀች።

«አውቶቡስ» አሉ አባባ ተገኘ።

«ያ በስልክ ነው የሚጠየቀው።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡና ከሰልፉ መጨረሻ ተመልሰው ቆሙ!

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኛ ከኢትዮጵያ እንደመጣን በተቀመጥንበት መርካዝ ቅሊታ፣ በመጤዎች መቀበያው ማለቴ ነው፣ ከዕብራይስጥ በፊት የተማርነው አንድ ትምህርት አለ። ጸሐፊዋ እምቢ ካለችህ አትጣላት፤ ዞረህ ተሰለፍ። ስትመለስ ወይ ሌላ ጸሐፊ፣ ወይ ሌላ ሐሳብ ታገኛለህ። ስለዚህ የገባው ሁሉ ሰላምታውን ሰጥቶ፣ እምቢታውን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ከኋላ ይሰለፋል። ሰልፉ አያልቅም! ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው መግባት አልቻለም። ጸሐፊዋም ለምሳ መውጣት አልቻለችም።

እኔ በንዴት ወደ ማጉያው ተመለስኩና አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ምነው ባልነካሁት! የባለማጉያው ሰውዬ የተቀዳ ድምፅ ተለቀቀ፦ «አልቴ ዛኸን! አሮጌ ዕቃ! አሮጌ ፍሪጅ! አሮጌ ምድጃ! የልብስ ማጠቢያ!» ብጫን፣ ብመታው፣ ብለምነው አልዘጋ አለ። ይሄኔ ከላይ አንድ መስኮት ተከፈተና ከረባት ያሰረ ሰው ብቅ አለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው።

«አንተ! የማይሠራ ፍሪጅ አለን፤ ትወስዳለህ?»

መልሴን ሳይሰማ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። ከበሩ ጀምሮ ሕንፃውን የዞረውን ሰልፍ አየ። መስኮቱን ዘግቶ ወዲያው ወረደ።

«አስተባባሪው ማነው?» አለ።

ኮሌታዬን አስተካክዬ ብቅ አልኩ። «እኔ ነኝ!»

«አንተ የፍሪጁ ሰውዬ አይደለህም? እነዚህን ማን አመጣቸው ነው የምለው።»

እናቴ ከበርጩማዋ ተነሳች። በምታውቀው ዕብራይስጥ «አውቶቡስ… ታሃና… ብርክ» አለችና ጉልበቷን ያዘች። በዕብራይስጥ ጉልበት ማለቷ ነው። ሰውዬው እሷን አየ፣ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ አየ፤ እሱን ደግሞ በአማርኛ ብርክ ያዘው።

«ጉዳዩን እናጠናዋለን» አለ።

ደነገጥኩ። ይህችን ቃል አውቃታለሁ! ሺራን ወታደር ቤት ያደረሰች ቃል ናት። «እማዬ፣ አትመኚው!» ልል አፌን ስከፍት አልማዝ ተርጉማላት ነበር።

«እሺ፣ አጥና» አለች እናቴ በትሕትና። «ጥናቱ እስኪያልቅ እንጠብቃለን።» ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

በማግሥቱም መጡ። በሠልስቱም መጡ። ተራችን አልደረሰም አሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለካ ለአውቶቡስም ይሠራል፤ ሳምንት ሳይሞላ ሲሚንቶው ተቆፍሮ ምሰሶው ሥፍራው ላይ ቆመ።

ጌታሁን በዚያው ቀን ማጉያ የጨበጠበትን ፎቶ «ትግላችን ፍሬ አፈራ!» ብሎ ለጠፈ። ምነው ስለው፣ «እኛ ባንጮህ መስኮቱን ይከፍት ነበር?» ይለኛል። መስኮቱ በእርግጥም የተከፈተው በእኛ ጩኸት ነው። ለፍሪጅ ነው የተከፈተው እንጂ… ተከፍቷል።

እናቴን ግን እንኳን ደስ አለሽ ልላት ሄድኩ። «እማዬ፣ ሃፍጋና አድርገሽ እኮ አሸነፍሽ!»

ደረቷን መታች። «እኔ? ሃፍጋና? በስተርጅናዬ ባለጌ ልታደርገኝ ነው? እኔ ሰልፍ ያዝኩ እንጂ ማንንም አልተናገርኩ!»

አብሬያት ወረድኩ። አዲስ ቀጠሮ አግኝታ ወደ ኩፓት ሖሊም መሄዷ ነው። ከተመለሰችው ፌርማታ ሥር ቆማ ምሰሶውን በመዳፏ ነካ አደረገችው። አውቶቡሱ መጣ። በሩ ገና ሳይከፈት ጎረምሳው፣ የሕፃን ጋሪ የያዘችው፣ ወታደሩ፣ በየቅዳሜው ማታ ሰልፍ የሚወጣው ከነባንዲራው፣ ሁሉም በክርን እየተጋፋ ተንጋጋ። እናቴ ከኋላ ቆማ «ሚ አሐሮን?» አለች። የመለሰላት የለም።

ወደ እኔ ዞረች። «አየህ ልጄ፣ ሀገሩ በሙሉ ሰልፍ ይወጣል፤ ሰልፍ የሚይዝ ነው የጠፋ!»