የሃምባርዙም ነፋስ

ቼዝ የሚጫወት ሰፈር ሁሉ፣ የነካውን ጠጠር አልነካሁም ብሎ የሚምል አንድ ሰው አያጣም። በእኛ ከተማ፣ በአርመን አገሯ ጉምሪ፣ እኚያ ሰው ክቡር ሃምባርዙም ናቸው።

ፈረሱን ያነሳሉ፣ ያቅማማሉ፣ ይመልሱታል። "ነካህ!" ሲባሉ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው፣ "እኔ? ነፋስ ነው" ይላሉ። ባለቤታቸው ለእንግዳ ያስቀመጠችው ባቅላቫ ሲጎድልም ነፋስ ነበር። ከእንጆሪው ዛፍ ሥር የሚገጥማቸው ፀጉር አስተካካዩ ኖራይር ይጮሃል፣ ይሳደባል፤ ግን ጠጠሩን እንዳይመልሱ አንድም ቀን ከልክሏቸው አያውቅም።

የሰፈሩን ዋንጫ በየዓመቱ የሚወስደው ግን ኖራይር ነው። ዘንድሮ ክቡርነታቸው ከእሱ ጋር ለፍጻሜ ደረሱ። ቁም ሳጥኑ ላይ ለዋንጫው ቦታ አዘጋጁ፤ የአማታቸው ፎቶ ወደ ወጥ ቤት ተሰደደ።

"ነፋስህን ቤት ትተኸው ና፤ እዚያ ዳኛ አለ" አለ ኖራይር።

በውድድሩ ቀን ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ቀብረው ተቀመጡ።

"በረደህ እንዴ?"

"አስሬያቸው ነው። ተጫወት!"

እኔ ጎረቤታቸው ጨዋታውን እምብዛም አላውቀውም፤ የኖራይር ጆሮ ሲቀላ ግን መጨነቁን አውቃለሁ። ያን ቀን እንደ በርበሬ ቀላ። በጥድፊያ ንግሥቷን ያዘና እሳት እንደነካ ሰው ለቀቃት። የነካ ማንቀሳቀስ አለበት፤ እሷ ከተነሳች ደግሞ ንጉሡ ጠባቂ የለውም።

ሰዓቱን ስታይ የነበረችው ዳኛ ሹሻኒክ ቀና አለች። "ንግሥቷ ተነካች?"

ሁላችንም ሃምባርዙምን አየን። አንድ ቃል ብቻ፣ ዋንጫው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። እሳቸው የኖራይርን ጆሮ ሲያዩ ቆዩ።

"አልነካትም። ነፋስ ነው።"

"የምን ነፋስ? መስኮቱ እኮ ዝግ ነው!" አለች ዳኛዋ።

መስኮቱ ሥር የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ተነስቼ ከፈትኩት።

ኖራይር ንግሥቷን ካለችበት ሳያነቃንቃት ንጉሡን አሸሸ፤ ከዚያ ቀስ እያለ አሸነፈ። ዋንጫውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሲወጣ፣ "ነገ ዛፉ ሥር፣ አንተ ሌባ!" አላቸው፤ ድምፁ ግን እንደ ስድብ አልነበረም።

ክቡርነታቸው ትከሻቸውን እያሹ ወደ እኔ መጡ።

"እትዬ ሳቴኒክ፣ ብርዱ እኮ ገደለኝ። ያን መስኮት የከፈተው ማነው?"

ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ እያጠበቅሁ፣

"ነፋስ ነው" አልኳቸው።