«አለሁ» ሳይባል የመጣ መብራት

መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ እኩል ነው። ሀብታሙም ግድግዳ ይዳብሳል፣ ድሃውም ይዳብሳል። ልዩነቱ የሚጀምረው ሲመጣ ነው። አሶሳ ላይ መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ አፍ «መጣ!» ይላል። እኔም እላለሁ፤ እናንተም ትላላችሁ፣ አትዋሹ። መጣ እንላለን እንጂ ማን ላይ መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ የሚጠይቅ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እሳቸውንም ከሥራቸው አንስተናቸው ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ እብነ በረድ መቁረጫ ውስጥ ኤሌክትሪክ እጠግናለሁ። አባቴ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ እኔን ከነደብተሬ ይዘውኝ መጡ፤ ደብተሩ ብዙም አልሞላ። ኤሌክትሪክን ያስተማረኝ ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው፣ እየቆነጠጠ። ታዲያ ስለ ዋናው ብሬከራችን ስነግራችሁ ቆጣሪያችሁ ሥር ያለችውን ሚጢጢ እንዳታስቡ። የኛ ቁም ሳጥን ያክላል፣ ሲገባ መሬቱ ይደነግጣል። መብራት በሄደ ቁጥር በራሱ ይወጣል፤ ሲመለስ ሰው ካላስገባው መጋዞቹ መብራት አያገኙም። የተሠራው በቁልፍ እንዲገባ ነው። ቁልፉን ስትጫኑት ኮይሉ፣ ማለት የሽቦው ጥቅል፣ አንዲት የብረት ዘንግ ይስባል፣ ዘንጓ የሞላውን መያዣ ምላስ ትመታለች፣ ምላሱ የታፈነውን ሞላ ይለቀዋል፣ ሞላው ብሬከሩን ጧ አድርጎ ያስገባዋል። በኛ ግን የድንጋዩ ብናኝ ከግራሶው ጋር ተጋብቶ ሊጥ ሆነና፣ ቁልፉን ብትጫኑት ያቃስታል እንጂ አይገባም። ስለዚህ የእጅ ማስገቢያውን እንገፋለን። በእጅ ስል፣ ራቅ ብሎ በቀርከሃ ሽመል።

የሽመሉ ባለቤት አሚ ባበክር ነበሩ። አሚ አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፣ የሸርቆሌ ሰው፣ የሁላችንም አጎት። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሽመላቸውን ይዘው ከመጋዝ መጋዝ ይዞራሉ፤ ሠራተኛውን አንድ በአንድ በስሙ ይጠራሉ። መጋዞቹ አሮጌ ናቸዋ! መብራት ሲሄድ የየራሳቸውን ማጥፊያ ካላጠፋችሁላቸው፣ ሲመጣ ሳይጠየቁ ይነሳሉ። ሰው ደግሞ ይረሳል። «ዘነቡ፣ አለህ?» ይላሉ አሚ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «አለሁ አሚ፣ ጺሜን እየላጨሁ ነው» ትላለች ዘነቡ። የመጋዝ ሠራተኛ ናት፤ ስትስቅ ከመጋዙ በላይ ትሰማለች። ሁሉም «አለሁ» ካላለ ሽመሉ ብሬከሩን አይነካም። ሽንት ቤት የሄደ ካለ ይጠበቃል። አንዱ ቀልደኛ ሆን ብሎ ዝም ቢላቸው፣ ሽመሉን ጭናቸው ላይ አጋድመው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ልጁ የሁላችንንም እርግማን ጠግቦ ነው «አለሁ» ያለው።

በኋላ ከመሀል አገር አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ትሁት ነው፣ ብቻ ይቸኩላል። እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ የሚጠብቅ ሥራ አስኪያጅ የት አይታችኋል? መብራት መጥቶ ሽማግሌ ስም እስኪጠራ መቆም አላስቻለውም። ቁልፉ ቢሮው ድረስ ተስቦ ይሠራልኝ ወይ አለኝ። ከጸዳ ይሠራል አልኩት።

ሊጡን በናፍጣ አጠብኩ፣ የደከመውን ኮይል ቀየርኩ። ከባዱ የዘንጓና የምላሱ ክፍተት ነው። ከራቀች ሳትደርስ ትደክማለች፤ ከቀረበች ደግሞ ምላሱ ተመልሶ መቀመጫ ያጣል። አማትና ምራት በሉት፤ የሚያስማማቸው ልክ አለ፣ ልኩን ለማግኘት ግን እድሜ ይጠይቃል። አገኘሁት። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ሆኖ ተጫነ፣ ጧ! አጨበጨብን። አሚ ባበክር ጠጋ ብለው አዩትና፣ «ይሄ ቁልፍ ስም ያውቃል?» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። ጋቢ ተሸለሙና ወደ በር ጥበቃ ተዛወሩ። ሽመሉ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

ክረምት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። መብራት ሄደ፤ ዘነቡ የተሰነቀረ ስባሪ ድንጋይ ለማውጣት እጇን መጋዙ ሥር ሰደደች፤ ማጥፊያውን ረስታዋለች። ቢሮ ውስጥ መብራት መምጣቱን የምትነግረው አምፖል በራች። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ተጫነ።

ገባ። እንኳን ሊያቃስት፣ አልተንገራገጨም።

ከቀኝ እጇ የተረፉላት አውራ ጣቷና ትንሿ ጣቷ ናቸው። ሊመረምሩ የመጡት ሰዎች ብሬከሩ ጉድለት ነበረበት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ክፍተቱን ለኩ፣ ኮይሉን ለኩ፣ ምንም አላገኙም። ጉድለት ቢኖረው እኮ ዘነቡ ጣት ይኖራት ነበር። ይህን ግን የሚጻፍበት ቦታ አላሳዩኝም።

ብዙ ቀን አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሽመሉን ራሱ አንስቶ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ፣ በሁለት እጁ ይዞ ወደ በሩ ሄደ። አሚ ባበክር አልተቀበሉትም። «ዘነቡም ይጠራል?» አሉ።

«ይጠራል» አለ ልጁ።

ዘነቡ ከሆስፒታል ስትወጣ ከበሩ ውጭ ላስቲክ ወጥራ ሻይ ቡና መሸጥ ጀመረች፤ ጀበናዋን በግራ ታነሳለች፣ ሳቋ ግን አልተመለሰም። በተቀመጠች ማግስት አመሻሹ ላይ መብራት ሄዶ መጣ። አሚ ሁሉንም ጠርተው ጨረሱ፣ ሁሉም አለሁ አለ። ከዚያ በትልቁ በር በኩል ወደ ውጭ ዞሩ። «ዘነቡ፣ አለህ?»

«የተረፈው አለ፣ አሚ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሽመሉ አልተነቃነቀም። «እንደሱ አይደለም» አሉ፣ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ።

ድንጋይ ሊጭን የመጣ ሾፌር መብራት የለም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። መጥቷል፣ ሰው እየጠበቀ ነው አልኩት። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ሰዓቱን አላየም። ማንም አላጉረመረመም። ያቺ ያስተካከልኳት ዘንግ እስከ ዛሬ ልኳ ላይ ናት፤ አጸዳታለሁ፣ ግራሶ እቀባታለሁ፣ ቁልፏን የሚጫን የለም። እዚያው ጨለማ ውስጥ ዘነቡ ስኒ ስታጥብ ስንሰማ ቆየን።

«አለሁ» አለች።