ትልቅ መሥሪያ ቤት፣ ትንሽ መሥሪያ ቤት እና የእኔ ትኩሳት

ትልቅ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ባጅ እያሻሸ «ኩባንያችን» ይላል። እኔም እል ነበር። ዐረብ አገር፣ ጀበል አሊ ወደብ ላይ፣ ስሙን ብጠራላችሁ «ኦ!» የምትሉለት የጭነት ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት የሰነድ ሠራተኛ ሆኜ «ኩባንያችን» ስል ኖሬያለሁ። ኩባንያችን ግን እኔ መኖሬን የሰማ አይመስለኝም። የወንበሬ እግር ሲሰበር ጥያቄዬ ከክፍል ኃላፊ ወደ አስተዳደር፣ ከአስተዳደር ወደ ግዢ፣ ከግዢ ደግሞ ሌላ አገር ተቀምጦ ወደሚወስን አንድ ሰው ተላከ። ሰውዬው ፎቶ ላክ አለኝ። ላክሁ። «የግራው ነው የቀኙ?» አለኝ።

በዚህ መሐል ኮሮና መጣና ሁላችንም ቤታችን ተከተትን። አንድ ጠዋት ለቪዲዮ ስብሰባ ተጠራን። የሁላችንም ድምፅ ከወዲያ ተዘግቷል። አንዲት ፈገግታዋ የማያልቅ ሴትዮ «እናንተ ለእኛ ቤተሰብ ናችሁ» አለችን። አለቃ እንዲህ ካላችሁ ዕቃችሁን ሰብስቡ። ኸላስ፣ ከሥራ ተሰናበትን። የወንበሩ ፈቃድ በማግስቱ ደረሰኝ።

የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እህት ጽጌ ቀጠረችኝ። አል ባርሻ ውስጥ ዓመታት የሰው ቤት ሠርታ፣ ሻርጃ ከተማ ሮላ ሰፈር ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የምትልክ ትንሽ ካርጎ የከፈተች ጴንጤ ናት። ጠቅላላ ሠራተኛው እሷና እኔ። የምቀመጠው የደንበኛ ካርቶን ላይ ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ «ዕቃዬ አልተላከም እንዴ?» ሲል ቀስ ብዬ እነሳለሁ። ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ መደበቂያ የለም። ስታስነጥስ ይጸለይልሃል፤ ስታረፍድ ለምን እንዳላገባህ ትጠየቃለህ።

አንድ ቀን ተመርምሬ ኮሮና ተገኘብኝ። የምኖረው አጅማን፣ ከአምስት ሰዎች ጋር ቤድ ስፔስ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ብቻ ተከራይቼ ነበር። ስንት ዓመት አንድ ሳህን ላይ የበላን ጓደኞቼ ሻንጣዬን ኮሪደር ላይ አውጥተው፣ በሩን ቆልፈው፣ ከውስጥ «አይዞህ ወንድማችን!» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ እዚህ ብሞት ማን ያውቃል ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሥራ እንደማልገባ ለመናገር ወደ እህት ጽጌ ደወልኩ።

«የት ነህ?»

«ደረጃ ላይ።»

«ያላ፣ እንዳትነቃነቅ!»

የዕቃ ማመላለሻ መኪናዋን ይዛ ከተፍ አለችና ከኋላ፣ ከብርድ ልብሶችና ከቴሌቪዥኖች ጋር ጫነችኝ። የካርጎውን የኋላ መጋዘን ጠርጋ ፍራሽ አነጠፈችልኝ። በየቀኑ አጥሚት በሩ ሥር ታስቀምጥና ራቅ ብላ ቆማ፣ ሮላን በሚያናውጥ ድምፅ ትጸልይልኛለች። ጎረቤታችን ፓኪስታናዊው ልብስ ሰፊ አንድም ቃል ሳይገባው «አሚን!» ይላል።

በአራተኛው ቀን በሩን ስከፍት ከአጥሚቱ ጎን ላፕቶፕ ተቀምጧል።

«ትኩሳቱ ወረደ?» አለች ከሩቅ።

«ትንሽ ወርዷል፣ እህት ጽጌ።»

«ተመስገን! እንግዲያው የጉምሩኩን ዝርዝር ጨርስልኝ።»

ዳንኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የጀበል አሊው ኩባንያ «ተመለስ» ብሎ ጻፈልኝ፤ ማዕረጉም ከፍ ብሎ ነበር። ለእህት ጽጌ እንዴት እንደምነግራት ሁለት ቀን አሰብኩ። ስነግራት የጀመረችውን ካርቶን በፕላስተር አሽጋ ጨረሰች። «እስከ ነገ ልጸልይበት» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ገና ሳልቀመጥ «ጌታ አይሂድ ብሏል» አለች።

«ለእኔ እኮ ምንም አላለኝም፣ እህት ጽጌ።»

«አንተን የሚመለከተው በእኔ በኩል ነው የሚመጣው።»

ቀረሁ። ጓደኞቼ፣ እዚያች ሱቅ ውስጥ ምን ዕድገት አለ ይሉኛል። እንዴት የለም? ጀበል አሊ እያለሁ ከበላዬ ያሉትን አለቆች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም ነበር፤ እዚህ በእኔና በፈጣሪ መካከል ያለችው አንዲት ሥራ አስኪያጅ ብቻ ናት።