የሱሌማን አፍ አደባባይ ነው

[ጋምቤላ ገበያ፣ የሱሌማን ጫማ ሱቅ። እኩለ ቀን ነው፤ ሙቀቱ የፕላስቲክ ጫማዎቹን እርስ በርስ ሊያጣብቃቸው ምንም አልቀረው። የአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የሆነው ወንዳፍራሽ የሱቁን ቬንትሌተር ለብቻው ይዞ ተቀምጧል።]

ሱሌማን፦ አጥፋው ብያለሁ!

ወንዳፍራሽ፦ አላጠፋም! የአደባባይ ፎቶ ነው።

ሱሌማን፦ ምኑ ነው አደባባይ? በገዛ ሱቄ ውስጥ አፌን ከፍቼ ተኝቼ እኮ ነው አንስተህ የለጠፍከኝ!

ወንዳፍራሽ፦ በሩ ክፍት ነበር። በሕግ ክፍት የሆነ ሁሉ አደባባይ ነው።

ሱሌማን፦ አፌም?

ወንዳፍራሽ፦ አፍህማ ዋናው አደባባይ ነው፤ ባጃጅ ያዞራል።

ሱሌማን፦ ወላሂ ወንዴ፣ ከትናንት ወዲህ ጫማ የሚለካ ጠፋ። የሚመጣው ሁሉ እኔን ሊያይ ነው። አንዷማ ልጆቿን ይዛ መጥታ፣ «ዛሬ አይተኛም?» ብላ አዝና ሄደች።

ወንዳፍራሽ፦ ታዋቂ አደረግኩህ! ታዋቂ ሰው ደግሞ ጭራሽ መብት የለውም።

ሱሌማን፦ ይሄን ሕግ ማን ነገረህ?

ወንዳፍራሽ፦ አንድ የኒውዮርክ ጠበቃ፣ ቲክቶክ ላይ።

ሱሌማን፦ ኒውዮርክ በእኛ ክልል ነው እንዴ?

ወንዳፍራሽ፦ ሕግ ሕግ ነው! ዓይንህ ያየውን ሁሉ ሳታስፈቅድ ታነሳለህ።

ሱሌማን፦ በል ሂድና የባሮ ወንዝን ድልድይ አንሳ።

ወንዳፍራሽ፦ [ወደ በሩ ሰረቅ አድርጎ አይቶ] ቀስ በል! ድልድይ ያለ ፈቃድ አይነሳም!

ሱሌማን፦ ለድልድይ ፈቃድ፣ ለእኔ ምንም?

ወንዳፍራሽ፦ ድልድዩ የመንግሥት ነው፤ አንተ የግል ነህ።

ሱሌማን፦ እሺ፣ እኔን ተወኝ። ግን አለቃህ ወይዘሮ ናዝሬት...

ወንዳፍራሽ፦ ሕግ እያወራን አለቃዬን ምን አመጣት?

ሱሌማን፦ ኧረ ስማኝ፣ ፎቶው ሥር እኮ...

ወንዳፍራሽ፦ አታቋርጠኝ! አንተ የጫማ ቁጥር እንጂ የፎቶ ነገር አይገባህም። እኔ በማስረጃ ነው የምሠራው። «አሁን፣ ጋምቤላ ገበያ፤ ንግዳችን በሥራ ላይ» ብዬ ጊዜና ቦታውን ሳይቀር ጽፌበታለሁ!

ሱሌማን፦ እሱ ነዋ ችግሩ። ትናንት መሥሪያ ቤትህ የት እንዳለህ ነው የሚያውቀው?

ወንዳፍራሽ፦ መስክ! ኩሌ፣ ስደተኞች ካምፕ... [ድምፁ እየሟሸሸ ይሄዳል]

ሱሌማን፦ [ከስልኩ እያነበበ] «አቶ ወንዳፍራሽ፣ ኩሌ እንዴት ነው? ሱሌማንም ሱቁን ይዞ አብሮህ ሄደ?» ናዝሬት ናት፣ ትናንት ማታ የጻፈችው።

ወንዳፍራሽ፦ [ከወንበሩ ተፈናጥሮ] ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?!

ሱሌማን፦ አታቋርጠኝ አልከኝ። አጥፋው እያልኩ የምለምንህ ለእኔ ብቻ መሰለህ?

ወንዳፍራሽ፦ [ስልኩን በጣቱ እየደበደበ] ጥፋ! ጥፋ እንጂ! ዳታው የት ሄደ?

ሱሌማን፦ መስክ ወጥቶ ይሆናላ።

ወንዳፍራሽ፦ ደግሞ የሰው ፎቶ ሳያስፈቅዱ መለጠፍ ክልክል ነው! የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ ይከለክላል!

ሱሌማን፦ ከኒውዮርክ መቼ ተመለስክ?

[የወንዳፍራሽ ስልክ ይጠራል።]

ወንዳፍራሽ፦ እሷ ናት! ሱሌማን፣ ወንድሜ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፤ ፎቶው የአምና ነው ብለህ መስክርልኝ! አንተ እኮ እዚያው ነበርክ!

ሱሌማን፦ [ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ካርቶኖቹ ላይ ጋደም እያለ] መኖሩንስ ነበርኩ። ግን በምን አውቄ ልመስክር? ተኝቼ ነበር እኮ፤ ካላመነችህ ፎቶውን አሳያት።