ወለል ላይ ተኝቶ ቤት የሚገዛ ሰው

እናንተ ቤት ስትገዙ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ? ጣሪያውን? የቧንቧውን ውኃ? ጋሽ ማርቆስ የሚያየው ወለሉን ነው፤ ያውም ተኝቶበት!

ጋሽ ማርቆስ ከሆሳዕና ደቡብ አፍሪካ መጥቶ ካትሌሆንግ ሰፈር ሱቅ የከፈተ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነው። እዚያው አጠገብ ጀርሚስተን ከተማ ቤት ሊያይ ሲሄድ፣ እንግሊዝኛ አውራልኝ ብሎ እኔን አስከተለኝ። ደላላዋ ስለ ኩሽናው ውበት ስትተነትን ዞር ብንል ሰውዬው የለም። ለካ መኝታ ቤት ገብቶ፣ ከነሙሉ ልብሱ ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርሯል።

"ጌታዬ! አምቡላንስ ልጥራ?" ብላ ጮኸች።

"ሻርፕ፣ ሻርፕ! ደህና ነኝ" አላትና ተነሳ። አቧራውን አራግፎ ቀጣዩ ክፍል ገባና እዚያም ተጋደመ። እኔ በእፍረት መግቢያ ጠፋኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"ዘጠኝ ዓመት የሱቄ ባንኮኒ ሥር ተኮራምቼ ነው የተኛሁት። እግሬ የሚዘረጋበት ቤት መሆኑን ሳልተኛበት በምን ልወቅ?"

እኔ እንደሱ ቤት መምረጥ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

ቤቱን ገዛው። እሁድ ከሰዓት ለምስጋና ጸሎት ስንሄድ፣ ሰፋፊዎቹን ክፍሎች ከአገር ቤት አዲስ ለመጡ ሰዎች ሰጥቷቸዋል። ጸሎቱ አልቆ ልሰናበተው ብፈልገው ሳሎን አገኘሁት። ረጅሙ ሶፋ ላይ፣ ጉልበቱን እስከ አገጩ አጥፎ እንቅልፍ ወስዶታል። የሶፋው ግማሽ ባዶውን ነበር።