ለአራት ድምፅ

ፈታይና ሸማኔ በሞላባት በአንዲት የሰሜን ባሕር ዳርቻ ከተማ፣ የካቴድራሉ መዘምራን አራት ነበሩ። አራቱም በአንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ ፊት ይቆማሉ። የእያንዳንዱ ዜማ ለየብቻው በገጹ አንድ ጥግ ተጽፏል፤ ሁሉም የራሱን ጥግ ብቻ ያነባል። የሌላውን የሚያውቀው በጆሮው ነው።

ከላይ የሚዘምረው ኮላርት «የበላይ» ይባላል። ከሥር የሚያጉረመርመው ዋውተር «የታችኛው» ነው። ዋናውን ዜማ በረጅሙ ይዞ የሚቆየው ጊሊስ «ያዥ» ሲሆን፣ ያዡ ሲወጣ የሚወርደው፣ ሲወርድ የሚወጣው ሊቨን ደግሞ «ተቃዋሚ» ነው። ተቃዋሚ የተባለው በጠብ አይደለም፤ ሥራው ነው። እሱ ከሌለ ዜማው አይጥምም።

ጊሊስ ለፋሲካ አዲስ ቅዳሴ ደረሰ። ቃሉ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ነው። በያዡ ዜማ ውስጥ ግን፣ ቶሎ እንዳይታወቅ እያንዳንዱን ድምፅ ጎትቶ፣ ሚስቱ የበግ ጠጉር ስትፈትል የምታንጎራጉረውን ዘፈን ቀበረ። «ለአገሩ ፈትዬ፣ ራቁቴን ቀረሁ» ትል ነበር። ሚስቱ በብርዱ ወራት ሞታበታለች። በዚያ አገር ዘፈንን በቅዳሴ መሸፈን የደራሲዎች ልማድ ነውና እንግዳ ነገር አላደረገም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለፋሲካ ዘፈኗ በአደባባይ እንዲሰማላት።

አዲሱ መስፍን የላኳቸው ቄስ፣ አባ አንሰልም፣ ልምምዱን ቁጭ ብለው ሰሙ።

«አራት ሰው ባንዴ ሲናገር ቃሉ አይሰማም» አሉ።

«አባታችን፣ ስምምነቱ እኮ የሚመጣው ከልዩነቱ ነው» አለ ጊሊስ።

«ስምምነትማ እኛም እንፈልጋለን። ለተቃዋሚው ትንሽ ዕረፍት ጻፍለት።»

በዜማ ጽሕፈት ዕረፍት ማለት ዝም የሚባልበት ምልክት ነው። ጊሊስ ዘፈኗን ለማትረፍ ሲል በገዛ እጁ ጻፈ። ሊቨን ጥጉን አይቶ፣ «እስከ መቼ ነው?» አለው።

«መስመሩ እስኪያልቅ።»

መስመሩ አላለቀም። በጾሙ አጋማሽ ሊቨን አረፈ ተባለ። የት እንዳረፈ የጠየቀ የለም።

አንድ ነገር እንደጎደለ ለዋውተር ጆሮው ነግሮታል። የራሱን ጥግ ቢያይ ግን ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ዘመረ። በሳምንቱ ቄሱ፣ «የታችኛው ማጉረምረም አብዝቷል» አሉ። ኮላርት የበላይ ነውና ወዲያው ተስማማ። ጊሊስም ለሁለተኛ ጊዜ ብዕሩን አነሣ። ዘፈኗ እስካለ ድረስ ምን ቸገረኝ ብሎ ራሱን አጽናና።

ሁለት ድምፅ ብቻ ሲቀር ዘፈኑ መሸሸጊያ አጣ። በአራቱ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው፣ አሁን ራቁቱን ቆመ። አባ አንሰልም አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ይህን ገበያ ውስጥ ፈታዮቹ መስፍኑን ሲያሙበት ሰምቻለሁ» አሉ። ወደ በሩ ዞረውም ቀስ ብለው፣ «ያዡ ይያዝ» አሉ።

ጊሊስ ዜማውን እንዲይዝ የታዘዘ መስሎት ያዘ። በሩ ላይ የቆሙት ወታደሮች ግን እሱን ያዙት። ከመጽሐፉ ፊት ሲወስዱት ነው ነገሩ የገባው። ሊቨንና ዋውተር የዘፈኗ ልብስ ነበሩ፤ ልብሷን አንድ በአንድ የገፈፋት እሱ ራሱ ነው። አልታገላቸውም።

ፋሲካ ደረሰ። ኮላርት ብቻውን ዘመረ፤ ቃሉም ጥርት ብሎ ተሰማ። ጊሊስ ከታሰረበት ግንብ ውስጥ ሆኖ በጠባቧ መስኮት የሚገባውን ያህል አዳመጠ። የሚስቱን ዜማ ከታች ሊይዝለት ሞከረ፤ ግድግዳው ወፍራም ነበርና ከራሱ በቀር የሰማው የለም። ሁለተኛ አልሞከረም።

ከቅዳሴው በኋላ መስፍኑ፣ «እንግዲህ ዜማችን እንዲህ ይጽና?» ብለው ወደ መዘምራኑ ወንበሮች ዞረው ጠየቁ። ሦስቱ ወንበሮች ባዶ ናቸው። የበላይ መለሰ።

ጸሐፊው ብራናውን ዘረጋ። የሰማውን ጻፈ እንጂ አንዲት ቃል አልዋሸም፦

በአንድ ድምፅ ጸደቀ።